መንፈሳዊ ይዘት ያለው የመጀመሪያ ስክሪፕት ለሁለት ሲጻፍ

በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በኳየር ወይም በጀመዓ የተዋወቁ ሁለት ጓደኛሞች «አጭር ፊልም እንጻፍ» ብለው ሲነሡ፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው መስማማታቸው ነው። እምነታቸው አንድ ስለሆነ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ስም ቅደም ተከተልና ስለ መጨረሻ ውሳኔ ማንሣት ነውር ይመስላቸዋል። ታሪኩ ላይም ሁለቱም የሚያምኑት ነገር ለተመልካቹ ግልጽ የሆነ ይመስላቸውና ሳይጻፍ ይቀራል።

ይህ መመሪያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለሚሆን አጭር ፊልም ነው። ሁለቱም ሌላ ሥራ ካላቸውና በሳምንት ሦስት ምሽት መገናኘት ከቻሉ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። የሁለት ሰዓት ፊልም ለመጀመሪያ ሙከራ አይሆንም፤ አርባኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ታሪኩም ወዳጅነቱም ይደክማል። ምሳሌዎቹ በብዛት ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሕይወት ቢሆኑም አሠራሩ ለመስጂዱም ለጸሎት አዳራሹም ያው ነው።

ለማሳያ የምንከተለው ታሪክ ይህ ነው፦ ሰላም የ24 ዓመት ወጣት፣ የሰፈሯ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። እናቷ ሆስፒታል ሲገቡ ከማኅበሩ ሣጥን 8,000 ብር ታነሣለች። ሒሳቡ ሊመረመር ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

1. ከሐሳቡ በፊት ወረቀቱ

አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ። በእጅ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ ቀን አኑራችሁ፣ ሁለት እማኝ አስፈርሙበት። ውስጡ የሚገባው፦

የመነሻ ሐሳቡ የማን እንደሆነ፤ የገቢው ድርሻ (ሁለታችሁም እስከ መጨረሻው ከሠራችሁ እኩል ይሁን፣ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ይበልጥ ይወስዳል ማለት የጭቅጭቅ ዘር ነው)፤ ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ፤ አንዱ መሐል ላይ ቢያቋርጥ ምን እንደሚሆን። ለዚህ የመጨረሻው የሚሠራ አንቀጽ አለ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ሳያልቅ የወጣ ሰው «ታሪክ» በሚለው ሥር ስሙ ይገባል እንጂ «ጸሐፊ» አይባልም፤ ከሁለተኛው ረቂቅ በኋላ የወጣ ግን ስሙም ድርሻውም እንዳለ ይቆያል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛው ወገን አለ። ማኅበሩ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ካሜራ ካዋሰ፣ አዳራሽ ከሰጠ ወይም ገንዘብ ካወጣ «ፊልሙ የኛ ነው» የሚል ጥያቄ ዘግይቶ ይመጣል። በቅን ልብ ነው የሚመጣው፤ ለዚያም ነው እምቢ ማለት የሚከብደው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለይታችሁ ጻፉ፦ ስክሪፕቱ የሁለታችሁ፣ ተቋሙ የሚያገኘው ለምሳሌ በራሱ መድረክ በነፃ የማሳየት ፈቃድ።

የሕጉን መሠረት ማወቅም ይጠቅማል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራ ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል። ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። ቡና ላይ የተወራ ታሪክ የማንም አይደለም፤ ተጽፎ ሲቀመጥ ነው የጸሐፊው የሚሆነው። የጋራ ሥራ ላይ የሁሉም ጸሐፊዎች መብት አብሮ ይሄዳል፣ የጥበቃው ዘመንም የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሚሞተው ጸሐፊ በኋላ 50 ዓመት ነው። ለዚህ ነው ማን ምን እንደጻፈ የሚያሳይ ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን መያዝ የሚያስፈልገው።

2. ከትምህርቱ ወደ ጥያቄው

«ጸሎት ኃይል አለው» የስብከት ርዕስ ነው። ፊልም የሚነሣው ሰው ሊመርጥ ከሚቸገርበት ቦታ ነው። አራት ክፍል ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ማን ነው፤ ምን ይፈልጋል፤ ምን ይከለክለዋል፤ እምነቱ ምን ያስከፍለዋል። በምሳሌያችን፦ «ታማኝ የምትባል ገንዘብ ያዥ ያነሣችውን ብር ሳይታወቅባት መመለስ ትፈልጋለች፤ ጊዜ የላትም፤ ጥፋቷን ብታምን ደግሞ ስሟንም እናቷ የተማመኑበትን የማኅበር ድጋፍም ታጣለች።»

ዓረፍተ ነገሩ ከ40 ቃል ከበለጠ ገና አልለየም ማለት ነው። አራተኛውን ክፍል መጻፍ ካቃታችሁ ደግሞ ታሪኩ መንፈሳዊ አይደለም፣ ጌጡ ብቻ ነው መንፈሳዊ። መስቀልና ነጠላ አንሥታችሁ ታሪኩ ያው ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ እምነቱ ሥራ አልያዘም።

ሁለታችሁ ለየብቻ፣ ሳትመካከሩ ጻፉትና አነጻጽሩ። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ፊልሞች ይሆናሉ። አንዱ ስለ ስርቆት፣ አንዱ ስለ እናት ጽፎ ሊሆን ይችላል። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ማወቅ ትልቅ ትርፍ ነው፤ በአምስተኛው ሳምንት ማወቅ ግን ኪሳራ።

3. ካርዶች

15 የሚሆኑ ትንንሽ ወረቀቶች ቁረጡ። አንድ ካርድ፣ አንድ ትዕይንት። በካርዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፋል፦ የት እንደሆነ፣ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ምን እንደተለወጠ። ሦስተኛው መስመር ባዶ የሆነ ካርድ ይጣላል ወይም ከሌላው ጋር ይዳበላል። ለ15 ደቂቃ ፊልም ከ10 እስከ 14 ካርድ ይበቃል። ቦታዎቹን ከአራት አታሳልፉ፤ የሌሊት የውጭ ትዕይንት ካለም አንድ ብቻ ይሁን፤ መብራት፣ ጄኔሬተርና ጥበቃ የሚያስወጣው እሱ ነውና።

ካርዶቹን ወለል ላይ ዘርግታችሁ በየተራ አንድ አንድ ካርድ አንሡ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው «ይሄ ባይኖር ምን ይጎድላል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያጣ ካርድ ይውጣ። በዚህ ጨዋታ ሁልጊዜ የሚወጡት ካርዶች ሁለት ናቸው፦ ጀግናዋ ከአልጋዋ የምትነሣበትና ሁለት ሰዎች ተመልካቹ ቀድሞ ያየውን የሚተርኩበት።

4. ማን ይተይባል

ሥራውን በገጸ ባሕርይ (እኔ ሰላምን፣ አንተ ሽማግሌውን) ወይም በግማሽ (እኔ መጀመሪያውን፣ አንተ መጨረሻውን) አትክፈሉ። በመጀመሪያው አከፋፈል ሁለት ገጸ ባሕርያት እርስ በርስ ሳይደማመጡ ይናገራሉ። በሁለተኛው ደግሞ ስምንተኛው ገጽ ላይ የሰላም አነጋገር ድንገት ይለወጣል።

የተሻለው መለዋወጥ ነው። አንዱ ትዕይንት 1፣ 3፣ 5ን፣ ሌላው 2፣ 4፣ 6ን ይጻፍ። ከዚያ ተለዋወጡና እያንዳንዳችሁ የሌላውን ትዕይንት ሳታማክሩ እንደገና ጻፉ። ደንቡ፦ መልሶ የጻፈው ሰው ያወጣውን መስመር የመጀመሪያው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያስመልስ ይችላል፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ። ሁለተኛ ጊዜ ከወጣ ወጣ ነው።

ፋይሉን በጎግል ዶክስ ብትጽፉ የለውጡ ታሪክ ከነቀኑ ይቀመጣል፤ ያ ራሱ ማስረጃ ነው። ሆኖም በየሳምንቱ መጨረሻ «ሰላም_ረቂቅ1_ሳምንት3» ብላችሁ ፒዲኤፍ አውጥታችሁ ለሁለታችሁም ኢሜይል ላኩ። በቴሌግራም ብቻ መላላክ አይበቃም፤ ስልክ ሲጠፋ ወይም መልእክት ሲሰረዝ የትኛው የመጨረሻ እንደሆነ ማወቅ ያቅታል።

ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ሁለት ሠንጠረዥ አዘጋጁ። እነዚህን ንቀው ያለፉ ሰዎች ኋላ ሁለትና ሦስት ቀን በማረም ያጠፋሉ።

የመጀመሪያው የፊደል ሠንጠረዥ ነው። አንዱ «ሐና» ሌላው «ሃና»፣ አንዱ «ጸሎት» ሌላው «ፀሎት» ከጻፈ፣ ፋይሉ ውስጥ ስሙን ስትፈልጉ ግማሹ አይገኝም። የሐና ተዋናይት ስንት ትዕይንት እንዳላት ስትቆጥሩም ትሳሳታላችሁ። የገጸ ባሕርያቱን ስሞችና ተደጋግመው የሚመጡትን ቃላት (ሥላሴ፣ ንስሐ፣ ማኅበር፣ ጠበል) አንድ ጊዜ ወስናችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው የአጠራር ሠንጠረዥ ነው፦ ማን ማንን አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ ወይም እርስዎ ይላል። ሰላም የማኅበሩን ሰብሳቢ «ጋሽ ታደሰ» እያለች በእርስዎ ታናግራቸዋለች፣ እሳቸው በአንቺ። ንስሐ አባቷን «አባቴ» ትላለች፤ የሰፈሩ ሰው ግን «መምሬ» ይላቸዋል። ሁለት ጸሐፊዎች ይህን ካልተማከሩ ትዕይንት 4 ላይ እርስዎ የተባሉት ሰው ትዕይንት 9 ላይ አንተ ይባላሉ፣ ተመልካቹም አንድ ነገር የተፈጠረ ይመስለዋል። ከአክብሮት ወደ አንተ መውረድ በአማርኛ ፊልም ውስጥ በጥፊ የመማታት ያህል ነው፤ ስታውቁበት ብቻ ተጠቀሙበት።

5. ገጹ ምን ይመስላል

በውጭ የሚሠሩት የስክሪፕት ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። ኩሪየር የሚባለው የስክሪፕት ፎንት የግእዝ ፊደል ስለሌለው ኮምፒውተሩ ሳይናገር በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ መስመሩ ይዛነፋል፣ አንዳንዴም ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ባዶ ሳጥን ይሆናል። ለጀማሪ የሚበጀው ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በ12 መጠን መጠቀም ነው። ለተዋንያን ሲላክ ሁልጊዜ ፒዲኤፍ።

ወረቀቱ ኤ4። ግራ ኅዳጉ 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 2.5። የተናጋሪው ስም ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ 9.4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ንግግሩ ከ6.4 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ። የትዕይንት ራስ በአንድ መስመር፦ ቁጥር፣ ውስጥ ወይም ውጭ፣ ቦታ፣ ቀን ወይም ሌሊት። በእንግሊዝኛው ስክሪፕት ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ሲመጣ ስሙ በትልልቅ ፊደል ይጻፋል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን አድምቃችሁ ጻፉት፣ ዕድሜውንም አያይዙ። ይህ ካልሆነ የተዋናይ መራጩ አዲስ ሰው እንደገባ ሳያይ ያልፋል።

«አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለው ስሌት በእንግሊዝኛ ፊደልና በኩሪየር የተለካ ነው፤ ለአማርኛ አትመኑት። የራሳችሁን ለኩ፦ ሙሉውን ረቂቅ በተዋናይ ፍጥነት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ንግግር የሌለበትን ድርጊት እንደሚሠራ እያሰባችሁ ጠብቁ፣ በስልክ ሰዓት ያዙ። 14 ገጽ 18 ደቂቃ ከወሰደ አንድ ገጻችሁ ወደ 77 ሴኮንድ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቁጥር አስሉ።

ስለ ሰዓት ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ስክሪፕቱ ላይ «2 ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» በሉ። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ የካሜራ ባለሙያ ካለ ቀረጻው ቦታ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻውን ሊገኝ ይችላል።

6. የእምነት ትዕይንቶች

ጀማሪዎች በጣም የሚወድቁት እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንያቸው።

ስብከት በንግግር ውስጥ። በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ሰላም እንዲህ ስትል ትገኛለች፦ «ጋሽ ታደሰ፣ መጽሐፍ አትስረቅ ይላል፤ እኔ ግን ተሰነካከልኩ፤ ፈጣሪ ይቅር ባይ ነው።» ተዋናይዋ ይህን ማለት አይቸግራትም፤ ተመልካቹ ግን ካለቀ በኋላ የሚያስበው ነገር አይኖረውም። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ይሞከር፦

7። ውስጥ። የማኅበሩ ክፍል። ቀን።

ጠረጴዛው ላይ ሳንቲምና የተጨማደደ ብር ተቆልሏል። ጋሽ ታደሰ (62) ይቆጥራሉ። ሰላም ትመዘግባለች።

ጋሽ ታደሰ፦ ስንት አልሽ?
ሰላም፦ ሦስት ሺህ አራት መቶ።
ጋሽ ታደሰ፦ በይ ካለፈው ወር ላይ ደምሪው።

ብዕሯ ይቆማል።

ሰላም፦ ያለፈው ወር መዝገብ… ቤት ነው የቀረው።
ጋሽ ታደሰ፦ አንቺ እያለሽ ደግሞ ምን መዝገብ ያስፈልጋል።

የሣጥኑን ቁልፍ ወደ እሷ ይገፉታል። ቁልፉ መሐል ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

እዚህ ውስጥ አንድም ጥቅስ የለም። የሚያሳፍራት የሽማግሌው መታመን ነው። አብረው ለሚጽፉ ሰዎች የሚሆን ፈተና፦ ትዕይንቱ ውስጥ ያለውን ጥቅስ ሁሉ በእርሳስ ሰርዙና አንብቡት። አሁንም ከቆመ ጥቅሱ አያስፈልግም ነበር፤ ከወደቀ ደግሞ ችግሩ ጥቅሱ ሳይሆን ከሥሩ ድርጊት አለመኖሩ ነው።

ያለ ቃል የሚናገሩ ልማዶች። ይህ የእኛ ትልቁ ሀብት ነው፣ ጀማሪዎች ግን አይጠቀሙበትም። ሁልጊዜ እስከ ቅድስት (ከመቅደሱ ቀድሞ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል) ድረስ የምትገባ ሴት ዛሬ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ፣ በሩን ተሳልማ ብትቀር፣ የኦርቶዶክስ ተመልካች በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ለመግባት እንዳልበቃች ራሷን እንደቆጠረች ያውቃል። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን መስቀልያ ይጣፋል፣ ለኀዘን ይዘቀዘቃል፤ አለባበሱን ድርጊቱ ላይ ጻፉት እንጂ ለአልባሳት ባለሙያ ግምት አትተዉት። ቆራቢው ከቁርባን በኋላ አፉን ሸፍኖ ሲወጣ፣ ሠጋጁ ከመስገዱ በፊት ውዱ (የጸሎት ትጥበት) ሲያደርግ፣ ኳየሩ ከመውጣቱ በፊት እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጸልይ፣ እነዚህ ሁሉ ንግግር የሚተኩ ናቸው። ከሌላ እምነት የመጣ ተመልካች እንዳይጠፋው ደግሞ አንድ ጊዜ ቀደም ብላችሁ የተለመደውን (ስትገባ) አሳዩ፣ ኋላ ለውጡን (ውጭ ስትቀር)።

ጸሎት። ከአራት መስመር አይብለጥ። ጸሎት የሚያደክመው ገጸ ባሕርይው ለፈጣሪ የታሪኩን ሁኔታ ሲያስረዳ ነው፤ ፈጣሪ መረጃ አይጎድለውም። ሰው በጭንቅ ውስጥ ሲጸልይ ይደራደራል፣ ይቆራርጣል፣ አንድ ቃል ይደጋግማል። «እመቤቴ፣ እስከ ሐሙስ ብቻ። እስከ ሐሙስ።» ይበቃል።

ተአምር። ችግር ውስጥ የሚከት አጋጣሚ ተመልካች ይቀበላል፤ ከችግር የሚያወጣ አጋጣሚ ግን እንደ ማታለል ይቆጥረዋል። ሰላም ጸልያ ስትጨርስ አሜሪካ ያለ አጎቷ 8,000 ብር ቢልክላት ፊልሙ እዚያው ሞተ። ተአምር ካስፈለጋችሁ መጀመሪያው ሢሶ ላይ አድርጉት፣ ምርጫዋን ይበልጥ የሚያከብድ ይሁን፦ ብሩ ይምጣ፣ ግን እናቷ እጅ ላይ ይድረስ፣ እናትየውም ለጠበል ቦታው ስለት ይግቡት።

ስለ ጠበልና ሕክምና ከጻፋችሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ጥሎ የዳነ ሰው በስክሪን ላይ ማሳየት እውነተኛ ታማሚ መድኃኒት እንዲያቋርጥ ሊገፋ ይችላል። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበልንና መድኃኒትን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፤ ገጸ ባሕርያችሁም ሁለቱንም ሲይዙ ማሳየት ታሪኩን አያሳንሰውም።

ንስሐ። ንስሐ አባት የሰሙትን ለሌላ ይነግራሉ ብሎ ሴራ መገንባት ተደጋጋሚ ስሕተት ነው። ካህኑ የንስሐን ምሥጢር አይገልጹም፤ ይህን የሚያደርግ ገጸ ባሕርይ ከጻፋችሁ የፊልሙ ዋና ቀውስ እሱ ይሆናል እንጂ መረጃ ማስተላለፊያ መንገድ አይሆንም። ካሜራው ርቆ ይቁም፤ ከዛፍ ሥር ሁለት ሰው፣ መስቀሉ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ፣ ድምፅ የለም። የእውነተኛ ሰው ንስሐ፣ ምስክርነት ወይም ለጸሎት ተብሎ የተነገረ ጉዳይም ለታሪክ አይወሰድ፤ ስም ቢቀየርም ማኅበርተኛው ያውቀዋል።

7. «ጸልየንበታል»

ሁለት አማኞች ሲጨቃጨቁ አንዱ «እኔ ጸልዬበታለሁ፣ እንደዚህ ነው የመጣልኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሌላው የሚናገረው ሁሉ ከፈጣሪ ጋር እንደ መሟገት ይቆጠራል፤ ንግግሩም ያበቃል። ይህን ከመጀመሪያው ቀን በስምምነታችሁ ላይ ዝጉት፦ ከሥራ በፊት መጸለይ ይቻላል፣ ያምራልም፤ ጸሎት ግን ለአንድ መስመር መከራከሪያ ሆኖ አይቀርብም። አንድ ትዕይንት የሚቆመው በሚሠራው ሥራ ነው።

ክርክር ሲነሣ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ የካርዱን ሦስተኛ መስመር አንብቡ፦ ትዕይንቱ ምን ሊለውጥ ነበር? የማን አማራጭ ነው ያንን የሚፈጽመው? ካልተፈታ ሁለቱንም አማራጭ ጻፉና ታሪኩን ለማያውቅ ሦስተኛ ሰው የማን እንደሆነ ሳትናገሩ አስነብቡ። አሁንም ካልተፈታ አስቀድሞ የተከፋፈለ ሥልጣን ይወስን፦ ለምሳሌ አንዱ በታሪክ አወቃቀር፣ አንዱ በንግግር የመጨረሻ ቃል ይኖረዋል። አንድ ክርክር ከ30 ደቂቃ ካለፈ ምልክት አድርጋችሁ ወደ ቀጣዩ ትዕይንት እለፉ። አብዛኛው በሳምንቱ ራሱ ይፈታል።

ሁለታችሁ የተለያየ እምነት ካላችሁ፣ በአምልኮ ዝርዝር ላይ የመጨረሻው ቃል የገጸ ባሕርይው እምነት ተከታይ የሆነው ጸሐፊ ይሁን። ሌላው ግን ትልቅ ጥቅም አለው፦ የማይገባውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። ያልገባውን መስመር ሁሉ ያስምርበት።

8. ለአባቶች ማሳየት

መጀመሪያው ረቂቅ ላይ አታሳዩ፤ ያልበሰለ ነገር ያያሉ፣ በትሕትናም ይተዉታል ወይም ሁሉንም ይለውጡታል። ሁለተኛው ረቂቅ ሲያልቅ ለአንድ መምህር ወይም ካህን ውሰዱ፤ ኮሚቴ ሳይሆን አንድ ሰው። «እንዴት አዩት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ስጡ፦ ሥርዓቱ ላይ ስሕተት አለ? እንዲህ ያለ ካህን እንዲህ ይናገራል? ምእመኑን የሚያሳስት ነገር አለ? ስለ ታሪኩ ማማር አስተያየት ከሰጡ አመስግናችሁ መዝግቡ፣ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው። «ሰላም ይህን ማድረግ የለባትም» ከተባለ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ገጸ ባሕርይዋን እንደ ሰው አይተዋታል።

ቦታውንም በዚያው ጊዜ ጠይቁ። መቅደስ ውስጥ ከአገልጋዮች በቀር ማንም አይገባም፣ ታቦትም ለሕዝብ ዓይን አይገለጥም፤ ስለዚህ እዚያ የሚሆን ትዕይንት ከመነሻው አትጻፉ። ግቢው፣ ደጀ ሰላሙ፣ ዐውደ ምሕረቱ ይበቃችኋል። ፈቃድ ለማግኘት ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጀምሩ፤ ከበላይ ደብዳቤ ካስፈለገ እነሱ ይነግሯችኋል። ጸሐፊው ይህን ሳያጣራ ከጻፈ ዳይሬክተሩ ቀረጻው ቦታ ላይ ሆኖ ስክሪፕቱን ለመቀየር ይገደዳል፣ የሚቀየረውም ሁልጊዜ በችኮላ ነው።

የጾም ወቅትንም አትርሱ። ትዕይንቱ ላይ ዶሮ ወጥ ከጻፋችሁና ቀረጻው በሑዳዴ 55 ቀናት ውስጥ ወይም ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋለ፣ የሚጾም ተዋናይ አይበላም፤ አስመስሎ ማኘክ ደግሞ ካሜራው ላይ ያስታውቃል። ሽሮ ጻፉ፣ ወይም ገበታው ሲነሣ ጀምሩ።

9. ማስነበብና ማረም

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ሰብስቡ። ሁለታችሁ አታንብቡ፤ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ የሰዎቹን ፊት ያይ። ድርጊቱን የሚያነብ ሰው ለብቻው ይኑር። በሚነበብበት ወረቀት ላይ ሦስት ምልክት ብቻ፦ አንባቢው የተሰናከለበት (ዓረፍተ ነገሩ ለአፍ አልተጻፈም)፣ አድማጩ ስልኩን ያየበት (ረዝሟል)፣ ያልታሰበ ሳቅ የመጣበት። የጽሑፍ አማርኛ የሚነገርበት መስመር ሁሉ እዚህ ይጋለጣል፤ «በመሆኑም» እና «ከዚህ የተነሣ» የሚል ገንዘብ ያዥ ሰፈራችሁ ውስጥ አለች?

እርማቱን በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትሥሩ። መጀመሪያ ትዕይንት ማውጣትና ማዳበል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ትዕይንት ዘግይቶ መጀመርና ቀድሞ መጨረስ (ሰላምታው ሁሉ እዚህ ይወጣል፣ «እንደምን አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ውበት ቢኖረውም 20 ሴኮንድ ይበላል)፤ ከዚያ ንግግር፤ በመጨረሻ ፊደልና አጠራር። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ፊደሉን ያስተካከላችሁለት ትዕይንት ራሱ ይጣላል።

10. ከማስረከብ በፊት

የሁለታችሁን ስም፣ የረቂቁን ቁጥርና ቀን የፊት ገጹ ላይ አድርጉ። ምዝገባ የመብቱ ቅድመ ሁኔታ ባይሆንም፣ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ለክርክር ጊዜ ይጠቅማል። ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፣ በሁለታችሁም ስም ይመዝገብ። አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ በዚያው አገር የቅጂ መብት ቢሮ በኢንተርኔት ማስመዝገብ ይቻላል። ለፕሮዲውሰር ስትሰጡ ለምን ያህል ጊዜና ለምን አገልግሎት እንደሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን። ለወንድም፣ ለእኅት፣ ለማኅበርተኛም ቢሆን።

ዳይሬክተሩ ፕሮግራም ማውጣት ከጀመረ በኋላ የትዕይንት ቁጥር አይነካም። በ7 እና በ8 መካከል አዲስ ትዕይንት ከገባ «7ሀ» ይባላል፤ የወጣው ትዕይንት ቁጥሩ ይቀርና አጠገቡ «ወጥቷል» ተብሎ ይጻፋል። የተቀየረውን ገጽ ብቻ በሌላ ቀለም ወረቀት አትማችሁ ስጡ፣ ቀኑን ከላይ ጻፉበት፤ አሮጌውን ገጽ ከእያንዳንዱ ተዋናይ እጅ ሰብስቡ።